መምህር ጆሴፍ ሄንሪና የተሰነጠቀው ዝርግ

ፊዚክስ የተማረ ሰው ሁሉ ሄንሪ የሚባለውን መለኪያ ያውቀዋል። የጥቅል ሽቦ ኀይል የሚለካበት ስም ስለ ሆነ በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይም፣ በሬዲዮ ጥገና ቤትም ዘወትር ይጻፋል። ነገር ግን ይህ መለኪያ በአንድ ሰው ስም የተሰየመ መሆኑን፣ ያም ሰው ከዕለት ሠራተኛ ቤት ተወልዶ ለስድሳ ልጆች የሒሳብ መጀመሪያ ሲያስተምር የኖረ መምህር መሆኑን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

ጆሴፍ ሄንሪ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) በዲሴምበር 17 ቀን 1797 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት በአልባኒ ከተማ ተወለደ። ቤተ ሰቡ ከስኮትላንድ ፈልሶ የመጣ ነበረ። አባቱ በቀን ሥራ የሚተዳደር ድኻ ስለ ነበረ፣ ሕፃኑ ገና በልጅነቱ ጎልዌይ ወደምትባል መንደር ወደ አያቱ ዘንድ ተላከ። እዚያም እኩሌታውን ቀን እየተማረ፣ እኩሌታውን ቀን በአንድ ሱቅ እየተላከ አደገ። አባቱም ልጁ ጕልማሳ ሳይሆን ሞተ።

ስለ ልጅነቱ አንድ ታሪክ ይነገራል። ያሳደጋት ጥንቸል አምልጣው ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ስትገባ እርሱም ተከትሏት እየዳኸ ገባ፤ በጨለማው ውስጥ ሲሄድ በተሰበረ ጣውላ ቀዳዳ በኩል ብርሃን አየና ቢወጣ፣ የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ካለበት ክፍል ደረሰ። ጥንቸሏን ረስቶ መጽሐፍ አነሣ ይባላል። ከዚያ በኋላ ልብ ወለድ ታሪክ እንደ ውሃ የሚጠጣ ልጅ ሆነ። ወደ አልባኒ ተመልሶ በሰዓት ሠሪና በብር አንጥረኛ ቤት የእጅ ሥራ ለመደ፤ ልቡ ግን ወደ ቴያትር ያደላ ነበረ። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ታሞ ከቤት በዋለበት ጊዜ፣ በእናቱ ቤት በኪራይ ይቀመጥ የነበረ ሰው የተወውን ስለ ተፈጥሮ ዕውቀት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ ገለጠ። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ለምን ይመለሳል እያለ የሚጠይቅ መጽሐፍ ነበረ። ሄንሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴያትሩን ተወው፤ መጽሐፉንም እስከ ዕለተ ሞቱ አልጣለውም።

በ1819 ዓ.ም. ወደ አልባኒ አካዳሚ ሲገባ ዕድሜው ከሌሎቹ ተማሪዎች የበለጠ ነበረ። ትምህርቱን በነጻ ተቀበለ፤ ለኑሮው የሚያስፈልገውን ግን በገጠር ትምህርት ቤትና በሰው ቤት እያስተማረ ያገኝ ነበር። የኬሚስትሪ ትምህርት ሲሰጥም ከአካዳሚው አለቃ ከዶክተር ቤክ አጠገብ ቆሞ ብርጭቆውንና እሳቱን የሚያዘጋጅ እርሱ ነበረ። እጁ በሰዓት ሠሪው ቤት የተማረው ጥንቃቄ በዚህ ሥራ ላይ ታየ። ከሐድሰን ወንዝ እስከ ኢሪ ሐይቅ ሊቀደድ ለታሰበው መንገድም የምድር ቅየሳ ሠርቶ ነበር። በ1826 ዓ.ም. በዚያው በተማረበት አካዳሚ የሒሳብና የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር ሆኖ ተሾመ።

ሹመቱ ከፍ ያለ ቢመስልም ሥራው ከባድ ነበረ። በቀን ሰባት ሰዓት ያህል ያስተምራል፤ ከዚህም እኩሌታው ለትልልቆቹ ተማሪዎች፣ እኩሌታው ለስድሳ ልጆች የሒሳብ መደመርና መቀነስ ነው። ለምርምር የሚሆን የተለየ ክፍልም አልነበረውም። ስለዚህ ምርምሩ ሁሉ የሚሠራው ተማሪዎች ለዕረፍት በሚበተኑበት በኦገስት ወር ነበረ። ወንበሮቹ ወደ ጥግ ይገፋሉ፤ ሽቦው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይዘረጋል፤ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ሁሉ ተጠቅልሎ ይነሣል። መምህር የሆነ ሁሉ ይህን ኑሮ ያለ ማስረዳት ያውቀዋል።

እንዲህ በተሰረቀች ጊዜ የሠራው ሥራ የሚያስደንቅ ነው። ከእርሱ በፊት እንግሊዛዊው ስተርጀን የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ባለው ብረት ላይ ራቁቱን የሆነ ሽቦ አራርቆ ጠምጥሞ የኤሌክትሪክ ማግኔት ሠርቶ ነበር። ሄንሪ ግን ብረቱን ትቶ ሽቦውን በሐር አለበሰው። ሐር የለበሰ ሽቦ እርስ በርሱ ቢነካካም ኮረንቲው መንገዱን ስለማይስት፣ አጠጋግቶና ደራርቦ መጠምጠም ተቻለ። በ1831 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ 21 ፓውንድ የሚመዝን ብረት 750 ፓውንድ እንዳነሣ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ለዬል ኮሌጅ የሠራው ደግሞ ከ2,000 ፓውንድ በላይ ተሸከመ። በአካዳሚው ክፍል ዙሪያ አንድ ማይል የሚሆን ሽቦ ዘርግቶ በወዲያኛው ጫፍ ደወል አስደወለ። ቴሌግራፍ የሚባለው ነገር ከዚህ ደወል ብዙ የራቀ አልነበረም።

ነገር ግን ትልቁ ዕድል አመለጠው። ኤሌክትሪክ ማግኔትን ከወለደ፣ ማግኔትስ በተራው ኤሌክትሪክን አይወልድምን የሚለው ጥያቄ በዚያ ዘመን የብዙዎችን ልብ ይዞ ነበር። ሄንሪ መልሱን በገዛ መሣሪያው አየው። ሆኖም ሰፊ አድርጎ ሊመረምረውና ሊያትመው ሲያስብ ዕረፍቱ አለቀ፤ ክፍሉም ለተማሪዎች ተፈለገ። በ1832 ዓ.ም. ከአውሮፓ በመጣ መጽሔት ላይ በለንደን ማይክል ፋራዴይ ይህንኑ ነገር አግኝቶ እንዳስታወቀ አነበበ። ሄንሪም ተቻኵሎ ያለውን ጻፈ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት በጁላይ ታተመ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ፋራዴይ ገና ያላየው አንድ ነገር ነበረ፤ ይኸውም ረዥም ሽቦ ከባትሪው ሲለይ በገዛ ራሱ ላይ ኮረንቲ ወልዶ ብልጭታ የሚያወጣ መሆኑ ነው። ዛሬ በሄንሪ የሚለካው ይህ ጠባይ ነው። የመጀመሪያው ክብር ግን ለፋራዴይ ሆነ፤ በሕግም ይህ ትክክል ነው፤ ቀድሞ ያሳተመ ቀድሞ ያገኘ ይባላልና። ሄንሪም አልተከራከረም፤ መዘግየቱ ግን ዕድሜውን ሁሉ ሲቈጨው ኖረ።

በ1832 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ፕሪንስተን ኮሌጅ ተዛወረ። እዚያ የራሱ መሣሪያ ቤትና ረዳት አገኘ። ረዳቱ ሳም ፓርከር የሚባል ነጻ የሆነ ጥቁር ሰው ነበረ። ባትሪውን የሚያሰናዳ፣ አሲዱን የሚቀላቅል፣ ብዙ ጊዜም የኤሌክትሪኩን ንዝረት በገዛ አካሉ የሚቀበል እርሱ ነበረ፤ እርሱ ሲታመም የምርምሩ ሥራ ይቆም ነበር። በታተሙት ጽሑፎች ርእስ ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ መጻፉ የዘመኑ ልማድ ነው።

በ1837 ዓ.ም. ሄንሪ ወደ አውሮፓ ሄደ። በለንደን ፋራዴይን፣ ዊትስቶንንና ዳንኤልን አገኘ። ፋራዴይም እንደ እርሱ የድኻ ልጅ፣ የአንጥረኛ ልጅ፣ በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ያደገ ስለ ነበረ ሁለቱ ሰዎች ያለ ብዙ ንግግር ተግባቡ። ሄንሪ ከዚህ ጉዞ ሲመለስ የጀመረው ሥራ ነው ከሁሉ ይልቅ ለመምህራን የሚጠቅመው፤ ነገሩም እንዲህ ነው።

በመዳብ ጥብጣብ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ጥቅል በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከባትሪ ጋራ አያያዘው። ከበላዩም ጥቂት ከፍ አድርጎ ከባትሪ ጋራ ያልተገናኘ ሌላ ጥቅል አኖረ። የታችኛው ከባትሪው በተለየ ቍጥር የላይኛውን ጫፎች የያዘ ሰው ይነዝረዋል። ቀጥሎ በሁለቱ መካከል ልዩ ልዩ ነገር አስገባ። ኮረንቲ የማያሳልፍ ነገር በመካከል ሲገባ ንዝረቱ እንዳለ ነበረ። ክብ የሆነ የእርሳስ ዝርግ ሲያስገባ ግን ንዝረቱ ጠፋ። በመዳብም፣ በዚንክም እንዲሁ ሆነ።

ብዙ ሰው በዚህ ረክቶ በተወው ነበር፤ እርሳስ ግድግዳ ነው፣ ኀይሉን ከለከለ ብሎ ይጽፍ ነበርና። ሄንሪ ግን መቍረጫ አንሥቶ የእርሳሱን ዝርግ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ አንዲት ጠባብ ስንጥቅ አወጣለት። ከዝርጉ የጐደለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ መልሶ በመካከል ሲያኖረው ግን ንዝረቱ ዝርጉ እንደሌለ ያህል ሆኖ ተመለሰ። ከዚያም የስንጥቁን ሁለት ከንፈሮች በትንሽ ጥቅል ሽቦ አገናኝቶ በጥቅሉ ውስጥ መርፌ ቢያኖር መርፌው ማግኔት ሆነ። እንግዲህ በዝርጉ ውስጥ ዙሪያውን የሚሄድ ኮረንቲ እንዳለ ተገለጠ። ከላካዩ ዝርጉ በመካከል መጋረዱ ሳይሆን ይህ የሚዞር ኮረንቲ ነበረ። መንገዱ በስንጥቁ ሲቋረጥ ከለላውም አብሮ ቀረ።

ይህ ሥራ በኖቬምበር 1838 ዓ.ም. በፊላደልፊያ በአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር ፊት ተነበበ። ነገር ግን በዚሁ ዘመን ፋራዴይ በለንደን ተመሳሳይ ሙከራ ሠርቶ ነበር። እርሱም ወፍራም መዳብ፣ ድኝና ሙጫ በጥቅሎቹ መካከል እያፈራረቀ አስገብቶ፣ የመለኪያው መርፌ በሁሉም ዘንድ እኩል እንደ ተወዛወዘ፣ መዳቡም ምንም እንዳልከለከለ ጻፈ። ሁለት የታመኑ ሰዎች ስለ አንድ ነገር ተቃራኒውን መሰከሩ። አንደኛው በዓለም የታወቀ ሊቅ፣ ሌላው በአንድ ትንሽ ከተማ ያለ የኮሌጅ መምህር ነው። እንደ ልማድ ቢሆን ትንሹ ስሕተቴ ነው ብሎ ዝም ማለት ነበረበት።

ሄንሪ ዝም አላለም፤ ፋራዴይም ተሳሳተ አላለም። ሙከራውን ደግሞ ሠራው፤ በዚህ ጊዜ ግን በአንዱ መሣሪያ ላይ ንዝረቱን በእጁ ይቀበላል፣ የመርፌውንም መወዛወዝ ይመለከታል። ዝርጉ ሲገባ ንዝረቱ ጠፋ፤ መርፌው ግን እንደ ቀድሞው ተወዛወዘ። ሁለቱም እውነት ተናግረው ነበር። በጁን 1840 ዓ.ም. ለዚያው ማኅበር ባነበበው ጽሑፍ ይህን አስረዳ።

ምክንያቱ ዛሬ በትምህርት ቤት ሊነገር የሚቻል ነው። የታችኛው ጥቅል ከባትሪው ሲለይ የማግኔት ኀይሉ ባንድ አፍታ ይወድቃል። በዝርጉ ውስጥ የሚወለደው ኮረንቲ ግን ይህን ውድቀት የሚቃወም ስለ ሆነ፣ ኀይሉ በዝግታ እንዲወርድ ያደርገዋል። አንድ እንስራ ውሃ ባንድ ጊዜ በራስ ላይ ቢገለበጥ ሰውን ያስደነግጣል፤ በጠብታ ቢወርድ ግን አይሰማም። ከሥር የተቀመጠው ጋን ግን በሁለቱም መንገድ ያው አንድ እንስራ ውሃ ይቀበላል። የሰው አካል የሚያውቀው ድንገተኛውን ነው፤ ከብዶ በቀስታ የሚንቀሳቀሰው መርፌ የሚያውቀው ድምሩን ነው። ፋራዴይ ድምሩን ጠየቀ፤ ሄንሪ ፍጥነቱን ጠየቀ።

ከዚህም የተነሣ በብረታ ብረት ዝርግ ስለ መከለል የሚነገረው ሁሉ ይከተላል። የማይለዋወጥ ማግኔት ፊት መዳብ ወይም እርሳስ ቢያቆሙ መርፌዋ ማግኔቱን ከማየት አትመለስም፤ የሚለዋወጥ ነገር ከሌለ በዝርጉ ውስጥ የሚወለድ ኮረንቲ የለምና። እንዲህ ላለው የሚረዳ ብረት ነው፤ ብረት ኀይሉን ወደ ራሱ ስቦ በገዛ አካሉ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ከብረትና ከኒኬል የተቀላቀሉ ማዕድኖችም ከተራው ብረት እጅግ ይበልጣሉ። ለሚለዋወጠው ኀይል ግን መዳብ ይበቃል፤ ለውጡም በፈጠነ መጠን የሚያስፈልገው ውፍረት ይሳሳል። በሰኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የመብራት ኮረንቲ ኀይል በመዳብ ውስጥ ወደ ሲሶ ገደማ የሚወርደው 9 ሚሊ ሜትር ያህል ከገባ በኋላ ነው። በሰኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ለሚመላለሰው የሬዲዮ ኀይል ከሚሊ ሜትር መቶኛ ሰባት የሚያህል ይበቃል። ይህ ከወረቀት ውፍረት ብዙ አይርቅም።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሾፕ የሚባል የስዊስ ተወላጅ የቀለጠ ብረታ ብረትን በአየር ግፊት እየረጨ ማንኛውንም ዕቃ ለማልበስ የሚቻልበትን መንገድ ካወጣ በኋላ፣ እንዲህ ያለው ስስ ልብስ በእጅ የሚሠራ ነገር ሆነ። ከፕላስቲክ የተሠሩ የመሣሪያ ሣጥኖች በውስጣቸው መዳብ፣ ዚንክ ወይም ኒኬል እየተረጨባቸው የፈጣኑን ኀይል መግባትና መውጣት ይከለክላሉ። እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ዘወትር ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው በተረጨ መዳብ የመብራት ኀይል ማከፋፈያን ማግኔት እከላከላለሁ ማለት ነው፤ ልብሱ ለዚህ እጅግ ስስ ነው። ሁለተኛው ሣጥኑን በሚገባ አልብሶ ክዳኑ የሚገጥምበትን ጠርዝ በቀለም ወይም በዝገት ተለይቶ እንዲቀር መተው ነው። ያ ጠርዝ የሄንሪ ስንጥቅ ነው፤ ኮረንቲው ዞሮ መሄጃ ካጣ የተረጨው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የትራንስፎርመር ብረት ደግሞ በተቃራኒው፣ ኮረንቲ በውስጡ እየዞረ እንዳያሞቀው ተብሎ ሆነ ተብሎ በስስ ንብርብር ይከፋፈላል።

ሄንሪ ስለ ፈጣኑ ኀይልም ጥቂት ቀምሶ ነበር። በመስታወት ማሰሮ ላይ፣ ከውጭና ከውስጥ፣ ስስ የቆርቆሮ ጥብጣብ እየለጠፈ የላይደን ጠርሙስ የሚባለውን ዕቃ ብልጭታ መረመረ፤ በ1842 ዓ.ም. ብልጭታው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ መሆኑን አስታወቀ። ከፎቅ የወጣው ብልጭታ ሁለት ወለል አልፎ በምድር ቤት ያለውን መርፌ ማግኔት አደረገው። ቤቱ የቆርቆሮ ጣራ ስለ ነበረው ከጣራው እስከ ጕድጓድ ውሃ ሽቦ አውርዶ፣ በመካከል ትንሽ ጥቅልና መርፌ አኖረ። ሰባትና ስምንት ማይል ርቆ የሚበርቀው መብረቅ ያችን መርፌ ማግኔት ያደርጋት ነበር። ሬዲዮ ከመገኘቱ ከሃምሳ ዓመት በፊት የአንድ መምህር የቤት ጣራ እንደ ሬዲዮ አንቴና ማገልገሉ ነው።

በዲሴምበር 1846 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተቋቋመው የስሚዝሶኒያን ተቋም የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ እንዲሆን ተመረጠ። ከዚህ በኋላ ለራሱ ምርምር ጊዜ አላገኘም፤ ይህንም አውቆ ገባበት። የሌሎችን ጽሑፍ አሳተመ፤ በቴሌግራፍ የአየር ጠባይ ወሬ የሚሰበሰብበትን ሥራ አቋቋመ፤ የመርከብ መብራት ቤቶችንም ቦርድ አገለገለ። ከግኝቶቹ ለአንዱም የባለቤትነት መብት አልጠየቀም። ሞርስ በቴሌግራፍ የበለጸገው በሄንሪ ዕውቀት ተመርኩዞ ሳለ፣ በፍርድ ቤት የሰጠው ምስክርነት አልተመቸውምና በጽሑፍ አጠቃው። የተቋሙ የበላይ ጠባቂዎች ነገሩን መርምረው በ1857 ዓ.ም. ለሄንሪ ፈረዱ።

ሕይወቱን የሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ሳይጠቅስ ሊያልፍ አይገባውም። በ1862 ዓ.ም. የዋሽንግተን የንግግር ማኅበር ከባርነት አምልጦ ስመ ጥር ተናጋሪ የሆነውን ፍሬድሪክ ዳግላስን በተቋሙ አዳራሽ ሊያናግር ሲያስብ ሄንሪ ከለከለ። ተቋሙን ከፖለቲካ ለመጠበቅ ነው የሚል ሰበብ ሊሰጠው ይችላል፤ የከለከለው ግን በቆዳው ምክንያት ጥቁሩን ሰው ነው። ሳም ፓርከር ከጐኑ ቆሞ ስንት ዓመት የሠራለት ሰው ይህን ማድረጉ ያሳዝናል።

በዚያው ዓመት ብቸኛ ወንድ ልጁ ዊልያም ሞተ። በጃንዋሪ 1865 ዓ.ም. ደግሞ የተቋሙ ሕንጻ ላይኛው ክፍል ተቃጠለ፤ የሄንሪ ደብዳቤዎችና ከብዙ ዓመት የተከማቹ ማስታወሻዎች ዐመድ ሆኑ። በኦገስት ዕረፍት በአልባኒ ምን ቀን ምን እንዳየ በቀጥታ ሊያስረዳ የሚችለው አብዛኛው ወረቀት በዚያ እሳት ጠፋ። ስለ እርሳሱ ዝርግና ስለ ስንጥቁ የምናውቀው አስቀድሞ ታትሞ ስለ ነበረ ነው።

ጆሴፍ ሄንሪ በሜይ 13 ቀን 1878 ዓ.ም. በዋሽንግተን ሞተ። በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ሊቃውንት ጉባኤ አንዱን መለኪያ በፋራዴይ ስም ፋራድ አለው፤ በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ የተሰበሰበው ደግሞ ሌላውን ሄንሪ ብሎ ሰየመ።